አርብ አርብ የሚጠወልግ ቅጠል

አድማሱ ማንጠግቦሽን አያያትም። አራት ወር ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ከጧት እስከ ማታ አብረው ውለው አንድ ቀን፣ አንዲት ቅጽበት እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። ሹሩባዋን አዲስ ተሠርታ ስትመጣ መሬት ያያል። የአክስቷን አረንጓዴ ሻሽ ሳታስፈቅድ አስራ ስትመጣ መሬት ያያል። "እንደምን አደርሽ" ሲል ለመሬቱ ነው። "ባልዲውን አቀብይኝ" ሲል ለባልዲው ነው። መሬቱን ቢያገባው ይሻለው ነበር፤ እሷም ሠርጉ ላይ እስክስታ ወርዳ፣ አልቅሳ ትመለስ ነበር።

እሷ ግን ታየዋለች። ኧረ እንዴት አድርጋ ነው የምታየው። ጭቃ የለመዱት ረጃጅም ጣቶቹን፣ ሲያስብ ወደ ግራ የምትዘመውን አንገቱን፣ ሳቅ ሲመጣበት እንዳይስቅ የሚነክሰውን ከንፈሩን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። የዓይኑን ቀለም ብቻ ነው የማታውቀው። ይሄ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሥቷታል። የሰው ዓይን ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያውቁ እንዴት ይኖራል?

ቤቱ የድሮ እህል መጋዘን ነው፣ አርብ ገበያ ዳር፣ የችግኝ ጣቢያው ግቢ ውስጥ። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ጌታቸው የጣሪያውን ግማሽ ቆርቆሮ አስነቅለው በነጭ ላስቲክ አስሸፈኑትና ስድስት መቶ የብርቱካን ችግኝ አስገቡበት። ዓመቱ ሰባ ሰባት ነው፣ ዝናብ የራቀበት፤ ነፋሱ ቀን ያደርቃል፣ ሌሊቱ ያጨማትራል፣ ውጭ ቢተዋቸው አንዱም አይተርፍም። ክረምት ሲገባ ለወንዝ ዳር ገበሬዎች መታደል አለባቸው። ማንጠግቦሽ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው፤ እስከዚያው መዝጋቢ ሆና ገባች።

ሥራዋ ሁለት ቴርሞሜትር ማየት ነው። ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው ራቁቱን ነው። ሁለተኛው ታችኛው ጫፉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የጨርቁ ጅራት ከሥር ከተቀመጠች ስኒ ውኃ እየጠጣ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የሁለቱንም ቁጥር መዝገብ ላይ ትጽፋለች። አለቀ። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። ጓድ ጌታቸውን ብትጠይቃቸው "ከላይ የመጣ መመሪያ ነው" አሏት፣ እሳቸውም ራሳቸው ግራ እንደገባቸው እያስታወቀባቸው።

ግን ለምንድነው ጨርቅ የለበሰው ሁልጊዜ ዝቅ የሚለው? አንድ ግድግዳ፣ አንድ አየር። ተበላሽቶ ይሆናል ብላ አንድ ቀን ጨርቁን ፈታ ለራቁቱ አለበሰችው። ያኛው ወጣ፣ ይሄኛው ወረደ። ጨርቁ ነው ማለት ነው። እንዴት? ሰው ሲለብስ ይሞቀዋል፣ እሱ ለብሶ ይበርደዋል? ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለችና በመጨረሻ የአድማሱን ጀርባ ጠየቀችው።

"አንተ፣ ይሄ የለበሰው ለምን ይበርደዋል?"

አድማሱ ችግኝ እየደረደረ ነበር። የፕላስቲክ ከረጢቱ ከአዲስ አበባ አልመጣ ስላለ እያንዳንዱን ችግኝ የተከሉት እሱ በሠራት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው። እናቱ እማማ ዓለምዬ እንስራ ሠሪ ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ተረተሩ ላይ ነው። የጋይንት አገር ሁሉ ከነሱ እንስራ ውኃ ይጠጣል፤ ከነሱ ጋር ግን እህል የሚቀምስ የለም። ተረተሩ ላይ ውኃ ስለማይገኝ፣ አዲስ የተተኮሱት ዐሥራ ሁለት እንስራዎች ሳምንቱን ሙሉ በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተደርድረው፣ ከጣቢያው ጉድጓድ ውኃ ሞልቶባቸው ይሰነብታሉ። እንዲህ ካልሰነበተ እንስራ ማፍሰስ አለማፍሰሱ አይታወቅም። አርብ ሲሆን ገበያ ይወጣሉ፣ ቅዳሜ ሌሎች ይገባሉ።

"እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ ለምን ይበርዳል?" አለ አድማሱ፣ ቀና ሳይል።

"ጥያቄ በጥያቄ ነው እንዴ የምትመልሰው?"

"ዳስሽው እንስራውን።"

ሄዳ ዳሰሰችው። ሆዱ ርሷል፤ እጇ ላይ ቅዝቃዜው ተለጠፈ። "አልቦታል" አለች፣ ገርሟት።

"አልቦት ነው የቀዘቀዘው። ላቡ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጨርቁም እንደዚያው ነው። አየሩ ደርቆ ከጠማው የጨርቁን ላብ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል፣ ያን ጊዜ የለበሰው በጣም ይወርዳል። አየሩ ከጠገበ ግን አይጠጣም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ።"

"ማን አስተማረህ?"

"የእንስራውን እናቴ። የቀረውን ካንች መዝገብ አየሁት።"

መዝገቤን ታያለህ እኔን ግን፣ ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

"ቅጠልም ያልበዋል" አለ ለማሰሮው። "ለዓይን የማትታይ አፍ አለችው። በሷ ይተነፍሳል፣ በሷ ያልበዋል፣ በዚያ ነው ፀሐዩን የሚችለው። አየሩ ሲብስበት ውኃው እንዳያልቅ አፉን ይዘጋል። ያን ጊዜ ላብ የለም፤ ቅጠሉ እንደ ቆርቆሮ ይግላል።"

"በምን ይታወቃል?"

"በላይኛው ከንፈርሽ ንኪው። እጅ ይዋሻል፤ የኔ እጅማ ራሱ ሸክላ ሆኗል። ከንፈር አይዋሽም።"

ጎንበስ አለችና አንዷን የብርቱካን ቅጠል ከንፈሯ ላይ አሳረፈች። እንዴት ያለ ቅዝቃዜ ነው። ጧት ፊት እንደተታጠቡበት ውኃ፣ ግን ደግሞ ለስላሳ፣ ግን ደግሞ ብርቱካን ብርቱካን የሚል። ወዲያው ሌላዋን ነካች። ከዚያ ሌላዋን። በዚያ ቀን ስድስት መቶውንም ሳመቻቸው፣ ረድፍ በረድፍ፣ ለመዝገቡ ነው እያለች፤ አድማሱ ግን አንዱን ቅጠል ስትስም እንኳ ዘወር ብሎ አላያትም።

ማታ ስትተኛ ከንፈሯ ላይ የቀረው ቅዝቃዜ አለቀቃትም። ደረቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይነድ ነበር። የሷ ሁለት ቁጥሮች በጣም ተራርቀዋል።

* * *

አርብ ስምንት ሰዓት ላይ ቅጠሎቹ ወደቁ።

ደረቁ ነፋስ ከበረታ ወዲህ ሦስተኛው አርብ መሆኑ ነው። ሐሙስ ቀጥ ብለው ያመሹት ችግኞች አርብ ከቀትር በኋላ ጆሯቸውን እንደጣለ አህያ ተንጠለጠሉ። ውኃ ቢያጠጧቸው ምንም። ሲመሽ አብዛኞቹ ቀና ይላሉ፣ ግን በየአርቡ ሠላሳ አርባው እንደደረቀ ይቀራል።

"በላቸው" አሉ እትዬ ማሬ። እትዬ ማሬ የማንጠግቦሽ አክስት ናቸው፤ እሳቸው ቤት ነው የምትኖረው፤ ጣቢያው ውስጥ ውኃ ያጠጣሉ፣ ወሬም እንደዚሁ።

"ማን በላቸው?"

"አንች ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ምን አስተማሩሽ? ቡዳ ነዋ። ሰኞ ደኅና፣ ማክሰኞ ደኅና፣ ሐሙስ ደኅና። አርብ ጎሕ ሲቀድ ያ የሸክላ ሠሪ ልጅ ብቻውን ይገባል፣ ዓይኑን ያሳርፍባቸዋል፣ እንስራውን ተሸክሞ ይወጣል። ከዚያ ድፍት።"

"በሌላውም ቀን እኮ ይገባል፣ እትዬ።"

"በሌላው ቀን እኔ አለሁ" አሉ አንገታቸው ላይ ያለውን ክታብ እየነካኩ።

ጓድ ጌታቸው ሠራተኛውን ሰብስበው "በአብዮቱ ዘመን ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ ይሄ ያሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው" አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ደግሞ "ለማንኛውም ግን ጓድ አድማሱ ለጊዜው ወደ ውስጥ ባይገባ ጥሩ ነው" አሉ።

ወሬው ከገበያተኛው ጋር የጋይንቷ ቤተ ልሔም ደብር ደረሰ። የማንጠግቦሽ አባት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ እዚያ የድጓ መምህር ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በበቅሎ መጡና እህታቸው ቤት በር ላይ ልጃቸውን አስቀመጧት።

"ማንጤ፣ ከዚያ ቤት ትወጫለሽ።"

"አባየ፣ ምን አጠፋ እሱ?"

"አጠፋ አላልሁም። እናቱን አውቃታለሁ፣ ጨዋ ናት። ግን እኔ አንችን ለሰው እሰጥሻለሁ፣ ለዘመድ እሰጥሻለሁ። 'የመሪጌታ ልጅ ከነዚያ ጋር ትውላለች' ከተባለ ማን በሬን ይረግጣል?"

"እርስዎስ ያምኑበታል? ዓይን ቅጠል ይበላል ብለው?"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ያላየሁትን አላውቅም" አሉ። "ግን ሰው የሚያወራውን እሰማለሁ።" እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጧት።

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ጣቢያው ሄደች። አድማሱ ጉድጓዱ ጋ ነበር፣ ባልዲ ይስባል። አባቷ ከቤቱ ሳያስወጧት አንድ ነገር ማወቅ አለባት።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔን ማየት ትጠላለህ?"

ገመዱ እጁ ላይ ቆመ።

"አዎ" አለ፣ ለጉድጓዱ። "ማየት አልፈልግም።"

ማንጠግቦሽ "እሽ" ብላ ዞረች። እስከ በሩ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ከበሩ ወዲያ ግን መንገዱ አይታያትም ነበር። ስሟን ያወጣላት ሰው እንኳ ዋሽቷታል። ማን ጠግቦሽ? ይኸው አንድ ሰው፣ ገና ሳይቀምሳት ጠግቦ።

* * *

ሰኞ ጧት መዝገቡን ስትገልጥ ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ጽሑፉ የሱ ነው፤ በማሰሮዎቹ ሥር ቁጥር የሚጽፍበት እጅ።

"ለማንጠግቦሽ፣

ማየት አልፈልግም ያልሁሽ ውሸቴን ነው። ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ጥጃ አይቼ እንዴት ታምራለች አልሁ። በማግሥቱ ሞተች። ሰው በራችን ላይ መጣ፣ እናቴ ሦስት ቀን ቤት ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የወደድሁትን ነገር አላይም። ችግኞቹን ስንከባከብ እንኳ ሥራቸውን እንጂ ቅጠላቸውን አላይም። አርብ ጎሕ ሲቀድ ብቻ፣ ሰው ሳይኖር፣ አንዴ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። አልዋሽሽም፣ ያምራሉ። ይኸው ደግሞ በየአርቡ ይወድቃሉ። ሰው የሚለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ አንችን ባይሽ ምን ትሆኛለሽ?

ለሰፈራው ተመዝግቤአለሁ። መኪናው ቅዳሜ ጧት ወደ መተከል ይነሣል። እስከ ሐሙስ ለእናቴ የመጨረሻ አፈር ልቆፍርላት ገደሉ ሥር ነኝ፤ አርብ ጧት እንስራዎቹን ላወጣ እመጣለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ሹሩባሽን ያየሁት ከጥላሽ ላይ ነው። አረንጓዴው ሻሽሽ እንስራው አፍ ላይ፣ ውኃው ውስጥ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ያ እንደ ማየት አይቆጠር።

አድማሱ"

አንዴ አነበበችው። ደግሞ አነበበችው። ሦስተኛውን ስታነብ ፊደሎቹ ይዋኙ ጀመር። ከዚያ ማንም በሌለበት መጋዘን ውስጥ ተነሥታ ወደ እንስራው ሄደች፣ አጎንብሳ አፉ ውስጥ አየች። የራሷ ፊት ከውኃው ውስጥ ቀና ብሎ አያት። እዚህ ውስጥ ነው ለካ አራት ወር ሙሉ ሲያያት የነበረው። ደስታ ነው ሐዘን እሷም አልለየችውም፤ ብቻ አንድ እንባ ጠብ ብሎ ፊቷን በታተነው።

* * *

ግን ማንጠግቦሽ አልቅሳ የምትቀር ልጅ አይደለችም። አልቅሳ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ መዝገቡን ገለጠች። ቴርሞሜትሩ የማንንም ዘር አያውቅም። ቡዳ አይፈራም፣ ክታብ አያስርም። አርብ ቀን ምን አይቷል?

በሌላው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ራቁቱ ሃያ አምስት፣ የለበሰው ሃያ አንድ። ሐሙስም፣ ረቡዕም፣ ቢበዛ አንድ ወዲህ አንድ ወዲያ። አርብ ግን ራቁቱ ሠላሳ አንድ፣ የለበሰው ዐሥራ ስምንት። ያለፈው አርብ ሠላሳ እና ዐሥራ ሰባት። የመጀመሪያው አርብም እንዲሁ። አየሩ ነው። አርብ አርብ አየሩ ጠምቶታል። ጠምቶት የቅጠሉን ላብ ይመጠምጣል፣ ቅጠሉ አፉን ይዘጋል፣ ይግላል፣ ይወድቃል። ዓይን እንዲህ ያደርጋል? ዓይን አየር ያደርቃል?

እሽ፣ አርብ ለምን ይጠማዋል? ፀሐዩ ያው ነው። ላስቲኩ ያው ነው። ውኃ ማጠጣቱ ያው ነው። መጋዘኑን ዙሪያውን አየች፣ አርብን በዓይነ ልቦናዋ እየሳለች። አርብ እዚህ ቤት ውስጥ የሌለ ምንድነው? እሱ አለ፣ እንደውም ይገባል። ገብቶ ምን ያደርጋል፣ ያያቸዋል፣ ይወጣል... ተሸክሞ ይወጣል።

ዐሥራ ሁለት እንስራ። ቀን ከሌት የሚያልባቸው፣ ላባቸውን አየሩ የሚጠጣው፣ ቤቱን የሚያጠግቡት ዐሥራ ሁለት እንስራዎች። እነሱ ግድግዳው ሥር የሉም።

አንዴ ሐሳቡ ከያዛት ወዲያ እንቅልፍ የለም። ማክሰኞ ልትነግራቸው ብትሄድ ጓድ ጌታቸው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ማለዳ እትዬ ማሬ ሲደርሱ የወንድማቸው ልጅ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ እንስራ እያወጣች አገኟት።

"ምን ሆነሽ ነው በማርያም?"

"ያዙልኝ እንጂ፣ እትዬ። ሲጨርሱ ይቆጡኛል።"

"ጀርባዬን እኮ ያመኛል።"

"እርስዎን የሚያምዎት አርብ፣ የገበያው ዕለት ነው እንጂ ረቡዕ አያምዎትም።"

እያጉረመረሙ ያዙላት። ዐሥራ ሁለቱም ወጡ። በሩ አርብ እንደሚሆነው ግማሽ ጧት ተከፍቶ ዋለ፣ ደረቁ ነፋስ ገባ። አድማሱ ገደሉ ሥር አፈር እየቆፈረ ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ። የማንም ዓይን እዚህ የለም፣ የሷና የእትዬ ማሬ እንጂ።

ስድስት ሰዓት። ከንፈሯን አሳረፈች፤ ቅጠሉ ለብ ብሏል። ሰባት ሰዓት፤ ግሏል፣ እንደታመመ ልጅ ግንባር። ስምንት ሰዓት ላይ ራቁቱ ሠላሳ አንድ፣ የለበሰው ዐሥራ ሰባት ተኩል፣ ስድስት መቶ የማይሞሉት የብርቱካን ችግኞች ደግሞ አንድ ላይ ጆሯቸውን ጣሉ።

"እንግዲህ" አለች ማንጠግቦሽ፣ ላቧን እየጠረገች። "ዛሬ ማን በላቸው? እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?"

እትዬ ማሬ ክታባቸውን ያዙ፣ ለቀቁት፣ ቅጠሎቹን አዩ፣ በሩን አዩ። "ወይ ጉድ" አሉ በቀስታ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው አንዱን እንስራ ሽቅብ አነሡ። "ምን ትገተሪያለሽ፣ እንመልሳቸው እንጂ ሳይሞቱ።"

ሐሙስ ማታ ማንጠግቦሽ ተረተሩ ላይ ወጣች። እማማ ዓለምዬ በራቸው ላይ የመሪጌታን ልጅ ሲያዩ ከተቀመጡበት ተነሡ። ለዚህ አርብ እንስራ አይውጣ፣ ገበያው ይቅርብዎት፣ አለቻቸው። "ልጄ እየሄደብኝ ስለ ገበያ ነው የምታወሪኝ?" አሉ፤ "ይቅር ይቅር።" ቆሎ አቀረቡ፣ እንደማትነካው እያወቁ፣ ለደንቡ ብቻ። ማንጠግቦሽ እፍኝ ሙሉ ዘግና እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ቆረጠመችው። እማማ ዓለምዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷም ያላየች መስላ ሁለተኛ እፍኝ ዘገነች።

* * *

አርብ ጧት አድማሱ እንዳለው መጣ፣ ዓይኑ መሬት ላይ። በሩ ላይ የሴት እግር አየና ቆመ።

"እንስራ አይወጣም ዛሬ" አለች ማንጠግቦሽ።

"መኪናው ነገ ነው። እናቴ..."

"ከናትህ ጋር ጨርሻለሁ። ግባ።"

ውስጥ ሰው አለ። ጓድ ጌታቸው መዝገቡን ታቅፈው ቆመዋል፤ ሐሙስ ዕለት እትዬ ማሬ ቢሯቸው ድረስ ሄደው ሲያወሩ አምሽተዋል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። በችግኞቹ መካከል ሌላ ባዶ በርጩማ አለ።

"እዚያ ትቀመጣለህ" አለችው። "እስከ ስምንት ሰዓት። ታያቸዋለህ።"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"ታውቂያለሽ።" ድምፁ ወረደ። "ጽፌልሻለሁ።"

"እኔም መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። ረቡዕ እንስራዎቹን እኔ አወጣኋቸው፣ አንተ የለህም፣ ወደቁ። ዛሬ አንተ አለህ፣ እንስራዎቹም አሉ። በሦስቱ አርብ አንተ ያየኸው ዓይንህን ነው፤ እኔ ያየሁት ጀርባህን ነው። በጀርባህ ነው የወሰድኸው፣ አድማሱ። የእንስራዎቹን ላብ ነው የወሰድኸው።"

አድማሱ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኗል።

"ግለጥ" አለች።

"ቢሞቱስ?"

"ቢሞቱ ነገ መኪናው ላይ ካንተ ጋር እወጣለሁ፣ ሁለታችንም አብረን እንበላለን።"

መሪጌታ አሳላቸው። እትዬ ማሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አድማሱ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ አንዷን ቅጠል አየ፣ እንደ ሌባ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን። ከዚያ ረድፉን፣ ከዚያ ቤቱን ሙሉ አረንጓዴውን፣ ላስቲኩን አልፎ የመጣው ፀሐይ እላዩ ላይ የፈሰሰበትን፤ የወደደውን ነገር ያለ ፍርሃት ሲያይ፣ ከዚያች ጥጃ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ማንጠግቦሽ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ጓድ ጌታቸው ይጽፋሉ። ሃያ አራት፣ ሃያ አንድ። ሃያ አምስት፣ ሃያ አንድ። ውጭ የአርብ ገበያ አህዮች ይጮኻሉ፣ ውስጥ ግን እንስራዎቹ ጸጥ ብለው ያልባቸዋል።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ልታነብ ስትዞር፣ ቁጥሩ ጠፋባት። ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር አረፈ፣ እንደ ጧት ፀሐይ። ቀስ ብላ ዞረች።

እያያት ነው።

ጥላዋን አይደለም፣ ውኃ ውስጥ አይደለም፣ እሷን። ዓይኑ ማር ነው፣ ጠቆር ያለ የቆላ ማር፣ ጠርዙ ላይ ውኃ ያቀረረበት። ማንጠግቦሽ እግሯ መሬት ላይ መሆኑን ረሳች። ይሄን ሁሉ ወር ምን እለዋለሁ ብላ ስትለማመድ የከረመችው ነገር ሁሉ በነነ። አየሩ በመካከላቸው ጠግቦ ቆመ።

"ስምንት ሰዓት" አሉ ጓድ ጌታቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

አንድም ቅጠል አልወደቀም።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ተነሡ። ማንንም ሳያናግሩ ወደ ረድፉ ሄዱ፣ ጥምጣማቸውን ይዘው አጎነበሱ፣ ልጃቸው እንደነገረቻቸው አንዷን ቅጠል ከላይኛው ከንፈራቸው ጋር አገናኙ። ቆዩ። ሌላዋን ነኩ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ።

"ያልበዋል፣ አባየ። ደኅና ነው ማለት ነው።"

"ቅጠሉስ ደኅና ነው" አሉ መሪጌታ፣ ቀና ብለው አንዴ እሷን አንዴ አድማሱን እያዩ። "ፊቷ የጋለ አንች ነሽ።" እትዬ ማሬ ነጠላቸው ውስጥ ፈነዱ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ወደ አድማሱ ዞሩ።

"እናትህን" አሉት፣ "ተማሪዎቼ ውኃ ይሞቅባቸዋል፤ አንድ እንስራ ይዘው ይምጡልኝ በላቸው። ገበያ አላልሁም። ቤቴ፣ ቤተ ልሔም። አንተ ተሸክመህላቸው ትመጣለህ፤ እህል ሳትቀምሱ አትመለሱም።"

አድማሱ "እሽ፣ የኔታ" አለ፣ ቀና ብሎ እያያቸው።

ጓድ ጌታቸው በበኩላቸው መዝገቡ ላይ ተደፍተው አንድ ወረቀት ይጽፉ ነበር። ለሰፈራ ኮሚቴው ነው። "ተመዝጋቢ አድማሱ የጣቢያው የእርጥበት ሠራተኛ በመሆኑ ስሙ እንዲሰረዝ" ይላል። "የእርጥበት ሠራተኛ የሚባል መደብ አለ?" አሉ እትዬ ማሬ። "ከዛሬ ጀምሮ አለ" አሉ ጓድ ጌታቸው፣ ማኅተሙን እየመቱ።

* * *

ቅዳሜ ጧት መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። ማንጠግቦሽ ከቴርሞሜትሮቹ ፊት ቆማ ነበር፣ እርሳሱን ይዛ። ድምፁ መጋዘኑ ውስጥ ገባ፣ ላስቲኩን አንቀጠቀጠ፣ እየራቀ እየራቀ ሄደ። የሌሎች ሰዎች ልጆች ላዩ ላይ ነበሩ፤ ስለነሱ አንገቷን ደፋች። ኋላዋ ግን የሱ ትንፋሽ አለ፣ እንስራዎቹ መካከል፣ ያልሄደው ትንፋሽ።

"ስንት ሆነ?" አለ።

"ቆይ፣ ላንብብ።"

ራቁቱን አየች። የለበሰውን አየች። ደግሞ ራቁቱን አየች። አላነበበችውም። እያያት መሆኑን በአንገቷ አውቃለች፣ እና አንድ ሰው እንዲህ ሲያይ ቁጥር የሚባል ነገር የት አባቱ ይታያል።

"ምንድነው የምታየው?" አለች፣ ሳትዞር።

"ሹሩባሽን።"

"አይተኸው የለ እንዴ፣ ከጥላዬ ላይ።"

"ያ አይቆጠር ብዬሽ የለ።"

ጓድ ጌታቸው ያንን መዝገብ ሲመረምሩ አንዲት ባዶ መስመር አግኝተው መዝጋቢዋን ገሠጿት። ቀኑን፣ የጧቱን ሰዓት አስተካክላ ጽፋለች። የራቁቱና የለበሰው ቦታ ላይ ግን ምንም የለም፤ እርሳሱ ወረቀቱን ነክቶ የቆመባት አንዲት ነጥብ ብቻ።